የሳይንስ ፊክሽን ፊልም ስዕላዊ አጃቢ መጽሐፍ እንዴት ይሠራል? ከመጀመሪያው ፍሬም እስከ ጥራዙ

እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን «ኤሊየን» ያየ ሰው ጭራቁን አይረሳም። የመርከቧ ግድግዳና በሮች ላይ የተለጠፉትን ትንንሽ ምልክቶች ግን ማን ያስታውሳል? ሮን ኮብ የሚባል ዲዛይነር ቁጭ ብሎ ለዚያች የጭነት መርከብ ሙሉ የምልክት ስብስብ ነድፎላታል። የአየር ግፊት ያለበት ክፍል የራሱ ምልክት አለው። ሰው ሠራሽ ስበት ያለበትም እንዲሁ። ለቡና እንኳን አልቀረም። ፊልሙ ላይ እነዚህ ሁሉ ከተዋናዮቹ ጀርባ እልም ብለው ያልፋሉ። ዓይን ሳያርፍባቸው ትዕይንቱ ይቀየራል።

አጃቢ መጽሐፍ ለእንደዚህ ዓይነቱ ነገር ነው የሚያስፈልገው። ታሪኩን መልሶ የሚተርክ መጽሐፍ ማንም አይገዛም፤ ታሪኩንማ አይተነዋል። ሰው መጽሐፉን የሚከፍተው ፊልሙ በጥድፊያ ያሳለፈበትን ነገር ተረጋግቶ ለማየት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል። ምን ልጨምር፣ ምን ልጣል ብላችሁ ስትጨነቁ «ፊልሙ ይህን በቂ ጊዜ አሳይቶታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አሳይቶት ከሆነ ገጹን ለሌላ ስጡት።

መመሪያው አጭርም ይሁን ረጅም ፊልም ሠርተው መጽሐፍ ማስከተል ለሚፈልጉ ትንንሽ ቡድኖችና ለሰዓሊዎች ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ፍቃድ

አሰልቺው ነገር ይቅደም።

ፊልሙ የራሳችሁ ቢሆንም «የራሳችን ነው» ማለት ብዙ ጊዜ አይበቃም። ኮንሰፕት አርቱን (ከቀረጻ በፊት የሚሳለውን ንድፍ) የሠራው ልጅ በምን ውል ነው የሠራው? ለፊልሙ ብቻ ከሆነ ለመጽሐፉ እንደገና መፈራረም አለባችሁ። የተዋናዮቹ ፊት፣ ቀረጻው ላይ ፎቶ ያነሳው ሰው፣ ከጀርባ ግድግዳ ላይ የሚታይ የሌላ ሰዓሊ ሥራ፣ የድርጅት ዓርማ... ሁሉም ባለቤት አለው። በቃል «ችግር የለም» የሚል ሰው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ችግር ሊኖረው ይችላል። በጽሑፍ ይሁን።

ፊልሙ የሌላ ሰው ከሆነና ፈቃድ ካልሰጣችሁ ነገሩ እዚያው ያበቃል። «ፎቶውን ትቼ ራሴ እስለዋለሁ» የሚለው መውጫም እንደሚታሰበው ሰፊ አይደለም። የገጸ ባሕርያቱና የመርከቦቹ መልክ ራሱ የተጠበቀ ሊሆን ይችላል።

መለማመድ ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የጆርጅ ሜልየስ የ1902ቱ የጨረቃ ጉዞ ፊልም ለዚህ ግሩም ነው። ሜልየስ የሞተው በ1938 ስለሆነ በብዙ አገሮች ፊልሙ ከመብት ነፃ ከወጣ ቆይቷል። ርዝመቱ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን «የጥንት ፊልም ሁሉ ነፃ ነው» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የ1927ቱ «ሜትሮፖሊስ» አሜሪካ ውስጥ ከጥር 2023 ጀምሮ ነፃ ነው። ጀርመን ውስጥ ግን ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ የሞተው በ1976 ስለሆነ ጥበቃው እስከ 2046 መጨረሻ ይዘልቃል። አንድ ፊልም፣ ሁለት አገር፣ ሁለት መልስ። በዚያ ላይ አዲስ የተጨመረ ሙዚቃ ወይም አዲስ የተቀባ ቀለም የራሱ ባለመብት ሊኖረው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ፊልሙን ሦስት ጊዜ እዩት

አንደኛውን እንደ ማንኛውም ተመልካች እዩ። ብዕር አትያዙ። ሲያልቅ ግን ከማንም ጋር ሳትወያዩ በጭንቅላታችሁ የቀሩትን አምስት ስድስት ምስሎች ጻፉ። እነዚያ ከመጽሐፉ መጉደል የለባቸውም።

ሁለተኛውን ድምፁን ዘግታችሁ እዩ። ሙዚቃው ሲጠፋ ዓይን ሥራ ይጀምራል። ልብሱ መቼ እንደቆሸሸ፣ መብራቱ ከሰማያዊ ወደ ብርቱካናማ መቼ እንደዞረ የምታዩት ያኔ ነው።

ሦስተኛው አድካሚ ነው። እያስቆማችሁ፣ አንዳንዴም ፍሬም በፍሬም (ፊልሙ የተሠራበትን ነጠላ ምስል አንድ በአንድ) እየሄዳችሁ ደብተር ላይ ትመዘግባላችሁ፦ ሰዓቱን፣ ያያችሁትን ነገር፣ ጥያቄያችሁን። ትልቁ ነገር ጥያቄው ነው። «ቆንጆ ብርሃን» ብሎ መጻፍ የትም አያደርስም። «ይህ በር ለምን ወደ ላይ ይከፈታል?» የሚለው ግን አንድ ገጽ ሊሆን ይችላል።

የሜልየስን ፊልም እንውሰድ። ጥይት የምትመስለው መንኮራኩር ጨረቃ ዓይን ላይ ስትሰካ ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳን ያውቃታል። ቀጥሎ ያለውን ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። መንኮራኩሯ እንደገና ታርፋለች፤ በዚህ ጊዜ ጨረቃ መሬት ላይ። አንድ ማረፍ ሁለቴ ታየ ማለት ነው፤ አንዴ ከሩቅ እንደ ቀልድ፣ አንዴ ከቅርብ እንደ ጉዞ። ፊልሙን ስታዩት ይህ ጥርጣሬ ብቻ ነው የሚፈጥርባችሁ። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ግን ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል።

ሌላም አለ። አንዱ ሊቅ ጨረቃ ውስጥ ጃንጥላውን ይተክላል፤ ጃንጥላው እንጉዳይ ይሆናል። ዘዴው ካሜራውን አቁሞ ዕቃውን ቀይሮ መቀጠል ነው። ጃንጥላው ያለበትን የመጨረሻ ፍሬምና እንጉዳዩ ያለበትን የመጀመሪያ ፍሬም አጠገብ ለአጠገብ አትሙ። ከዚያ የቀሪውን ምስል ጠርዝ በጣታችሁ ተከተሉ። ከመቀያየሩ በፊትና በኋላ የሰውየው አቋም በትክክል አይገጥምም። አስማቱ የተሰፋበት ቦታ ያ ነው። ይህን ሲኒማ ቤት ተቀምጣችሁ ልታዩት አትችሉም፤ መጽሐፍ ላይ ትችላላችሁ።

ደረጃ 3፦ መጽሐፉ ከየት ሆኖ ነው የሚያወራው?

ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ከፊልሙ ዓለም ውስጥ ሆኖ ማውራት ነው፤ መጽሐፉ የመርከቧ ቴክኒሻን የሚያነበው ማኑዋል ይመስላል። ሁለተኛው ከውጭ ሆኖ ማውራት ነው፤ ሞዴሉ በምን ተሠራ፣ ልብሱ ለምን ተቀየረ፣ ማን ሳለው።

ሁለቱም ጥሩ ናቸው። አንድ ገጽ ላይ ሲደባለቁ ግን አንባቢው ግራ ይገባዋል። ላይኛው አንቀጽ «ሞተሩ በሰከንድ ይህን ያህል ይገፋል» ብሎ፣ ታችኛው «ሞተሩ ከፕላስቲክ ቱቦ ተሠራ» ካለ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሁለቱን የግድ ከፈለጋችሁ የወረቀቱን ቀለም ወይም የፊደሉን ዓይነት ለዩ። እኔ ብጠየቅ ግን ከውጭ የሚያወራውን እመርጣለሁ። ልብ ወለዱን ፊልሙ ጨርሶታል፤ የሰዎቹን እጅ ግን አላየንም።

ሳይንሱን ለማስረዳት ለሚፈልጉ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። የፊዚክስ ሊቁ ኪፕ ቶርን እ.ኤ.አ. በ2014 ለወጣው «ኢንተርስቴላር» አማካሪ ነበር፤ አጃቢ መጽሐፍም ጽፎለታል። መጽሐፉ ውስጥ የትኛው ነገር የተረጋገጠ እውነት፣ የትኛው በእውቀት ላይ የቆመ ግምት፣ የትኛው ምናብ እንደሆነ በምልክት ይለያል። ይህን ዘዴ ያለ ሐፍረት ውሰዱት። አንባቢ ሲያታልሉት እንጂ «ይህ ግምት ነው» ሲሉት አይቀየምም።

ደረጃ 4፦ ዕቃው ሳይበተን ሰብስቡ

ቀረጻ ባለቀ ማግስት የቀረጻው መድረክ ይፈርሳል። ልብሱ ይመለሳል፤ ሞዴሉ የሆነ ሰው መኪና ኋላ ይገባና ይረሳል። ስለዚህ የመጽሐፉ ሥራ ፊልሙ ሳያልቅ መጀመር አለበት። ቢያንስ አንድ ሰው ይመደብ።

ሲሰበሰብ የሚፈለገው የተጠናቀቀው ሥራ ብቻ አይደለም። የተጣለው ይበልጣል። ዳይሬክተሩ «አይሆንም» ያለው የራስ ቁር ንድፍ፣ ሦስት እግር የነበረው ሮቦት፣ ናፕኪን ላይ የተሞነጫጨረ የመርከብ ቅርጽ። ከተጠናቀቀው ሥራ ጎን ሲቀመጡ ገጹ ራሱ ታሪክ ይናገራል።

ሞዴልና ዕቃ ስታነሱ ግራጫ ጀርባ ተጠቀሙ። መብራቱን ከጎን አድርጉ፤ ከፊት ከመጣ ጭረቱና ቆሻሻው ይጠፋል። ሳይንስ ፊክሽን ደግሞ ሕይወቱ ጭረቱ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ፎቶ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ አንሱ። አይታተምም። ግን ከስድስት ወር በኋላ «ይሄ ነገር የክንድ ያህል ነበር ወይስ የጣት?» ብሎ መጨቃጨቅ ይቀራል።

ሰዎቹንም አናግሩ። «ሥራው እንዴት ነበር?» ብትሉ «በጣም ደስ ይል ነበር» ይላሉ፤ አለቀ። አንድ ዕቃ እጃቸው ላይ አስቀምጡና «ይህን ስትሠሩ የቱ ጋ ተበላሸባችሁ?» በሏቸው። ወሬው ያኔ ይመጣል።

ፋይሎቹን ወዲያው ስም ስጧቸው፤ የትዕይንቱ ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ የሠሪው ስም፣ ቀኑ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚል ፎልደር ያለው ሰው ይህን ለምን እንደምል ያውቃል።

ደረጃ 5፦ ፍሬም ፎቶ አይደለም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ስክሪን ላይ ያማረ ምስል ወረቀት ላይ ሲወጣ ደብዝዞ ይታያል። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው እንቅስቃሴ ነው። ፊልም በተለምዶ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው የሚቀረጸው። እያንዳንዱ ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ የ1/48 ሰከንድ ብርሃን ይይዛል። በዚያች ቅጽበት የሚሮጥ ሰው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ፍሬሙ ላይ እግሩ የተላሰ ይመስላል። ፊልሙ ሲሄድ ይህ መደብዘዝ እንቅስቃሴውን ለስላሳ ያደርገዋል፤ ቆሞ ሲታይ ግን ጉድለት ነው። መፍትሔው ሰውየው የሚቆምበትን፣ የሚዞርበትን፣ ትንፋሽ የሚውጥበትን ፍሬም ማደን ነው። ከዚህ የሚሻለው ቀረጻው ላይ ፎቶ አንሺ ማቆም ነው። ድምፅ የማያሰማ ካሜራ ይያዝ እንጂ።

ሁለተኛው ፒክስል ነው። ለጥሩ ኅትመት በኢንች 300 ፒክስል ያስፈልጋል። 2ኬ ፍሬም በወርዱ 2048 ፒክስል አለው። 2048ን ለ300 ስታካፍሉት 6.8 ኢንች ይመጣል፤ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከዚያ በላይ ከጎተታችሁት ይበጠሳል። 4ኬ ከሆነ 4096 ፒክስል ነው፤ ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል።

የመጽሐፉን መጠን ስትመርጡ ይህን ከፊልሙ ቅርጽ ጋር አያይዙት። ብዙ ሳይንስ ፊክሽን ፊልሞች ሰፊውን ቅርጽ ይጠቀማሉ፤ ወርዱ የቁመቱ 2.39 እጥፍ ነው። ገጻችሁ 28 ሴንቲ ሜትር ወርድና 24 ቁመት ቢኖረው፣ መጽሐፉ ሲከፈት ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ገጾች (ከዚህ በኋላ ጥንድ ገጽ እላቸዋለሁ) 56 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። 56ን ለ2.39 ስታካፍሉ 23.4 ይመጣል። ፍሬሙ ሳይቆረጥ ጥንዱን ገጽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። በዚህ ስፋት የ4ኬ ፍሬም በኢንች 186 ፒክስል ያህል ይኖረዋል። ከ300 ያንሳል። ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ምስል ራቅ ተብሎ ስለሚታይ ያስኬዳል። 2ኬ ግን በዚያ መጠን አይሞከርም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እጥፋቱ። ምስሉ ሁለት ገጽ ላይ ሲዘረጋ መሐሉ ወደ ስፌቱ ይገባል። ዋናዋ ተዋናይ መሐል ላይ ከቆመች ፊቷ ይዋጣል። እንዲህ ያለውን ፍሬም በአንድ ገጽ ላይ አሳንሳችሁ አስቀምጡ። መቁረጥ ደግሞ በዳይሬክተሩ ፍቃድ ብቻ ይሁን። ክፈፉን እሱ አስቦበት ነው ያበጀው።

ከኢንተርኔት የወረደ ቪዲዮ ላይ ፍሬም አትልቀሙ። ቪዲዮው ሲታመቅ መጀመሪያ የሚበላሸው ጨለማው ነው፤ ጥቁር ሰማይ ላይ ትንንሽ ካሬዎች ይፈጠራሉ። የቀለሙን ሥራ የሠራውን ሰው ያልታመቀ ፋይል ጠይቁት።

ደረጃ 6፦ የገጽ ካርታ

ትላልቅ ወረቀቶች ታትመው ሲታጠፉ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ያለው ጥራዝ ይወጣቸዋል። ስለዚህ የገጹን ብዛት በ16 የሚካፈል አድርጉት፦ 96፣ 128፣ 160። «102 ገጽ ሆነብን» ካላችሁ ለስድስቱ ገጽ ስትሉ ሌላ ጥራዝ ትከፍላላችሁ ወይም ባዶ ወረቀት ታስራላችሁ።

ግድግዳ ላይ ትንንሽ ጥንድ ገጾች ለጥፉ፤ በእርሳስ የተሞነጫጨሩ ቢሆኑ ይበቃል። ራቅ ብላችሁ እዩ። ሁሉም ገጽ ላይ አራት አራት ምስል ካለ መጽሐፉ ካታሎግ ሆኗል። አንድ ግዙፍ ምስል፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ትንንሽ፣ ከዚያ አንዲት ብሎን ብቻ ነጭ ገጽ ላይ። ሰው ገጽ ሲገልጥ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት የለበትም።

የፊልሙን መጨረሻ የሚያጋልጥ ምስል ብዙ ሰው ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ይገፋዋል። እኔ አላምንበትም። ሱቅ ውስጥ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው ስንቱ ከኋላ እንደሚጀምር ቆማችሁ ተመልከቱ። ከሁለት ሦስተኛው አካባቢ ብትሸሽጉት ይሻላል።

ደረጃ 7፦ የመርከቧን ሆድ ዕቃ መሳል

የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ልብ ይህ ነው። ግድግዳዋ ተገፎ ውስጧ የሚታይ መርከብ። ልጅ ሆነን ሰዓታት ያፈዘዘን ሥዕል። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ።

የመጀመሪያው ችግር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ውስጧ ከውጪዋ ይበልጣል። የውጩን ሞዴል የሠራው ቡድን ሌላ፣ ውስጧ የሚቀረጽበትን መድረክ የገነባው ሌላ። መድረኩ ለካሜራና ለመብራት ሲባል ሰፋ ይደረጋል። ከዚያ ሁለቱን ስትገጥሙ የአብራሪዎቹ ክፍል ብቻውን ግማሽ መርከብ ይበላል።

መለኪያ ያዙ። ሰው የሚገባበት በር ፈልጉ። መድረኩ ላይ ቁመቱ 2 ሜትር ከሆነ፣ ያው በር ከውጭ በሚታይበት ፍሬም ላይ በሩን ለኩና የመርከቧን ርዝመት በበር ቁጥሩት። 30 በር ያህል ከረዘመች 60 ሜትር ናት። ከዚያ የመድረኩን ወለል ፕላን አምጥታችሁ ውስጧ ግጠሙ። አይገባም። አይገባምና ምን ይደረግ? የውጩን ቅርጽ አትንኩ፤ ተመልካች በልቡ ይዞታል። ኮሪደሩን አሳጥሩ፤ ኮሪደር ስንት እርምጃ እንደሆነ ማንም አልቆጠረም። የመስኮቶቹን ቁጥር ግን ጠብቁ። መስኮት የሚቆጥር አንባቢ አለ፤ ስህተት ካገኘ ዕድሜ ልኩን ያስታውሳችኋል።

ቀጥሎ የሥዕሉን ልክ ወስኑ። 60 ሜትር መርከብ በ1፡50 ከሳላችሁ 120 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጥንዱ ገጽ 56 ነው። 1፡200 ከሆነ 30 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በሩ 1 ሴንቲ ሜትር፣ 1.7 ሜትር የሆነች ሴት 8.5 ሚሊ ሜትር። ይህች ሴት ትልቅ ቁምነገር ናት። ሥዕሉ ውስጥ ሰው ከሌለ መርከቧ የማሽን ክፍል ብቻ ሆና ትቀራለች። አንዷን መሰላል ላይ፣ አንዱን አልጋ ላይ፣ አንዱን ቱቦ ሥር ተንጋሎ ቁልፍ ሲፈታ አስቀምጡ።

አሁን ፊልሙ ያልመለሳቸውን ጥያቄዎች ይዛችሁ ዳይሬክተሩ ጋ ሂዱ። አየሩ ከየት ይመጣል? ውኃው የት ይጠራቀማል? ሽንት ቤቱስ? ይስቃሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ከፕሮዳክሽን ዲዛይነሩ (የፊልሙን ዓለም መልክ ከነደፈው ሰው) ጋር ይከራከራሉ። ያን ክርክር መዝግቡት፤ የመግለጫ ጽሑፍ ይሆናል። መልስ ከሌለ ከራሳችሁ አትፍጠሩ። የተዘጋ በር ሳሉበት።

ሥዕሉን በእርሳስ ጨርሳችሁ ከተስማማችሁ በኋላ ብቻ ወደ ቀለም ግቡ። አየር አንድ ቀለም፣ ውኃ አንድ ቀለም፣ ኤሌክትሪክ አንድ ቀለም። ክፍሎቹን ለማመልከት ሥዕሉ ላይ የምትጽፏቸው ቁጥሮች ከ25 ካለፉ ሥዕሉ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። ለሁለት ክፈሉት።

ደረጃ 8፦ የሥዕል መግለጫ

ሰው አጃቢ መጽሐፍ ውስጥ ረጅም ጽሑፍ ብዙም አያነብም። መግለጫውን ግን ሁሉም ያነባል። ስለዚህ ምርጥ ወሬያችሁን እዚያ አድርጉ።

«የአብራሪዋ የራስ ቁር።» ይህ መግለጫ አይደለም። የራስ ቁር መሆኑን አይተናል። አሁን ይህን እዩ፦ «የራስ ቁሩ በስተግራ ያለው ጭረት በብረት ሱፍ የተሠራ ነው። የልብስ ክፍሉ ጭረቱን የጨመረው ተዋናይቷ ሁልጊዜ በግራ ትከሻዋ በር እንደምትገፋ ካዩ በኋላ ነው።» ዓይን ወዲያው ወደ ምስሉ ይመለሳል፤ ጭረቱን ይፈልጋል። መግለጫ ሥራውን ሠራ የሚባለው አንባቢውን ወደ ሥዕሉ ሲመልሰው ነው። ከ30 ወይም ከ40 ቃል አይለፍ።

የቃላት ዝርዝር አስቀድማችሁ አውጡ። አንድ ቦታ «መንኮራኩር»፣ ሌላ ቦታ «መርከብ»፣ ሌላ ቦታ «የጠፈር ተሽከርካሪ» ካላችሁ አንባቢው ሦስት ነገር ያለ ይመስለዋል። የሰዎችም ስም እንደዚሁ አንድ አጻጻፍ ይኑረው።

ደረጃ 9፦ ጥቁሩ

አሁን ወደ ራሴ ስህተት። የመጀመሪያው መጽሐፌ ውስጥ አንድ የምወደው ምስል ነበር። ሰፊ የመርከብ ማቆሚያ አዳራሽ፣ ከስር ጥላ፣ ጥላው ውስጥ የቆመች ሴት። ስክሪኔ ላይ ትታይ ነበር። መጽሐፉ ታትሞ መጣ። ገጹን ገለጥኩ። ጨለማ። ሴትዮዋ የለችም። መግለጫው ግን በኩራት «በስተግራ የቆመችው መካኒክ...» ይላል። ናሙና ሳላይ «በቃ አትሙት» ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ በማንም ማሳበብ አልችልም።

ስክሪን ራሱ ብርሃን ያወጣል። ወረቀት ግን ከክፍሉ ያገኘውን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ጨለማው ውስጥ ያሉ ስስ ልዩነቶች ቀለም ሲጠጡ ይዋሃዳሉ። ሳይንስ ፊክሽን ደግሞ ግማሹ ጨለማ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ጨለማ ምስል ቅጂ ወስዳችሁ ጥላውን ብቻ ከፍ አድርጉ፤ ብሩሁን አትንኩ። ስክሪን ላይ ትንሽ የነጣ ሊመስላችሁ ይገባል። የስክሪናችሁንም ብርሃን ቀንሱት፤ ብዙ ሰው ሙሉ ብርሃን ላይ አድርጎ ነው የሚሠራው።

የሕዋው ጥቁር ሌላ ጣጣ አለው። በጥቁር ቀለም ብቻ ካተማችሁት ግራጫማ ይሆናል፤ እንደታጠበ ልብስ። ስለዚህ ሌሎቹ ሦስት የማተሚያ ቀለሞችም ይደረቡበታል። ሳያን (ውኃ ሰማያዊ) 60፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ) 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 የተለመደ ድብልቅ ነው፤ ድምሩ 240 በመቶ። አራቱንም መቶ መቶ ብላችሁ 400 ካደረጋችሁት ወረቀቱ ይረጥባል፤ አይደርቅም፤ ፊት ለፊት ገጹ ላይ ይታተማል። አንጸባራቂ ወረቀት ላይ እስከ 300 አካባቢ ይቻላል፤ ማተሚያ ቤታችሁ የራሱን ልክ ይንገራችሁ።

በዚህ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ማድረግ ያምራል፤ አደገኛም ነው። አራቱ ቀለሞች በፀጉር ያህል ከተዛነፉ የፊደሉ ቀጭን ክፍል ይደፈናል። ለእኛ ፊደል ይህ ቀልድ አይደለም። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት ቅጥያዋ መሐል ወይም ታች በመሆኗ ብቻ ነው። በ7 ነጥብ (ፖይንት) መጠን ስትደፈን አንባቢው እየገመተ ነው የሚያነበው። ከ9 ነጥብ አትውረዱ፤ ወፈር ያለውን ፊደል ምረጡ። የሚቻል ከሆነ መግለጫውን ነጭ ጠርዝ ላይ አውጡት።

ሆሎግራም የሚመስለው የሚያበራ ሰማያዊና ሐምራዊም አራቱ ቀለሞች ሊያመጡት የማይችሉት ነው፤ ይደበዝዛል። አቅም ካላችሁ አንድ አምስተኛ ልዩ ቀለም ይጨመር። ከሌላችሁ ዙሪያውን አጨልሙት፤ ዓይን ይታለላል።

ደረጃ 10፦ ወረቀት፣ ስፌትና ናሙና

ወረቀቱ አንጸባራቂ ሳይሆን ለስላሳ የተቀባ ይሁን፤ ጥቁር ገጽ ካንጸባረቀ አንባቢው የራሱን ፊት ነው የሚያየው። ክብደቱ በካሬ ሜትር 150 ግራም ቢሆን በቂ ነው። 160 ገጽ በ28 በ24 ቢሆን ወረቀቱ ብቻ 800 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጠንካራ ሽፋኑ ሲጨመርበት ከዚያ በላይ። በፖስታ የምትልኩ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ አስሉ።

ጥራዙ በክር ይሰፋ። በሙጫ ብቻ የተያዘ መጽሐፍ ተዘርግቶ አይተኛም፤ ያ ሁሉ የደከማችሁበት ጥንድ ገጽ መሐሉ ይታነቃል። ምስሎቹ እስከ ጠርዝ የሚሄዱ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉ፤ መቁረጫው ሁልጊዜ ትንሽ ይስታል።

ሁለት ናሙና ጠይቁ። አንዱ ባዶ ወረቀት ሆኖ በትክክለኛው ወረቀትና ስፌት የተጠረዘ፤ ክብደቱንና አከፋፈቱን የምታዩበት። ሌላው የቀለም ናሙና። እሱን 5000 ኬልቪን በሆነ ነጭ መብራት ሥር እዩት፤ ቢጫ አምፖል ሥር ሁሉም ነገር ሞቅ ብሎ ያታልላል። ከሁሉ በፊት በጣም ጨለማዎቹን አምስት ምስሎች ፈትሹ።

ከዚያ ሁሉንም ገጽ ተራ ፕሪንተር ላይ አትማችሁ፣ በስቴፕለር ይዛችሁ ፊልሙን ላየ አንድ ሰው ስጡት። አጠገቡ ተቀመጡ፤ ምንም አትበሉ። የቱ ገጽ ላይ እንደቆየ፣ የቱን ሳያይ እንዳለፈ በየገጹ ቁጥር ምልክት አድርጉ። ያለፋቸውን ገጾች አስተያየቱን ሳትጠይቁ ከግድግዳው ላይ አንሷቸው። በቦታቸው ምን እንደሚገባ ካላወቃችሁ ወደ ሦስተኛው ዙር ደብተራችሁ ተመለሱና ያልተመለሰ ጥያቄ ፈልጉ።

የምስጋና ገጹን ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ስም ብቻ ላኩለትና «ትክክል ነው» ብሎ ይመልስላችሁ። መብራት የያዘው ልጅ ሳይቀር።